ሃይፖክሲያን በጊዜ ማወቅና ማስክ መልበስ፦ ለአብራሪ አሠልጣኞች ዝርዝር መመሪያ

ይህን የምጽፈው ሰልጣኞች በሃይፖክሲያ ሥልጠና፣ ማለትም ሰውነት ኦክስጅን ሲያጥረው የሚሰማውን በሚያውቁበት ልምምድ፣ አንድ ቦታ ላይ ደጋግመው ስለሚወድቁ ነው። ጅማ ላይ የመሬት ትምህርቱን ጨርሰው ወደ ሥልጠና ማእከል የሚሄዱ ወጣት አብራሪዎች ሲመለሱ የመጀመሪያ ወሬያቸው «ጋሼ፣ አምስት ደቂቃ ቻልኩ!» ነው። «መጀመሪያ ምን ተሰማህ?» ስል ጭጭ። በቃ፣ ገንዘቡም ቀኑም ባከነ።

የሃይፖክሲያ ሥልጠና የመቻል ውድድር አይደለም። ሰልጣኙ ይዞ መውጣት ያለበት ሁለት ነገር ነው፤ የራሱን የመጀመሪያ ምልክት፣ እና ምልክቱ ሲመጣ ጭንቅላትን ሳይጠብቅ ወደ ማስክ የሚሄድ እጅ። ጭንቅላትን መጠበቅ የማይቻለው፣ ኦክስጅን ሲጎድል ቀድሞ የሚሰንፈው እሱ ራሱ ስለሆነ ነው።

ከሁሉ በፊት፦ የማይሞከሩ ነገሮች

ሰልጣኞች ብቻቸውን «እንለማመድ» ብለው የሚያስቧቸውን ነገሮች ከመጀመሪያው ቀን ከልክሉ።

• ፌስታል ማጥለቅ፣ ትንፋሽ አፍኖ መቆየት፣ ከጋራዥ ወይም ከመደብር በተገኘ ጋዝ መሞከር ሰው ይገድላል። ራስ መሳቱ ያለ ማስጠንቀቂያ ይመጣል፤ ብቻውን የሆነን ሰው የሚያነሳው የለም።
• ካቢን ግፊት የሌለውን ትንሽ አውሮፕላን ከፍ አድርጎ «እስኪ ምን እንደሚሰማን እንይ» ማለት ሥልጠና አይደለም።
• ኦክስጅን የሚቀንስ ማንኛውም ልምምድ ፈቃድ ባለው ማእከል፣ የአቪዬሽን ሕክምና በሚያውቅ ሐኪም ፊት፣ ንጹሕ ኦክስጅን በእጅ ርቀት ላይ ሆኖ ብቻ ይደረግ። ከሦስቱ አንዱ ከጎደለ ቀኑን ሰርዙ።

ደረጃ 1 እና 4 ኦክስጅን ሳይቀነስ፣ ተራ ክፍል ውስጥ የሚሠሩ ናቸው። ጅማ ላይ አብዛኛው ሥራችን እነሱ ናቸው።

ደረጃ 1፦ ከሳምንት በፊት አጣሩ

እያንዳንዱን ሰልጣኝ ለብቻው ጠይቁ። በቡድን ስትጠይቁ ይሉኝታ ይገባና ሁሉም «ደህና ነኝ» ይላል። የምትጠይቁት ይህን ነው፤ ጉንፋን፣ ሳይነስ ወይም የጆሮ ሕመም አለ? በቅርቡ ጥርስ ተሞልቷል ወይም ተነቅሏል? ደም ተለግሷል? የደም ማነስ፣ አስም፣ የልብ ሕመም፣ የሚጥል በሽታ፣ የሳንባ አየር ማምለጥ ታሪክ አለ? እርግዝና አለ? የሚወሰድ መድኃኒት አለ?

አንዱ እንኳ «አዎ» ከሆነ የሚወስነው ሐኪሙ ነው፤ እናንተ አይደላችሁም። በጅማ ክረምት ጉንፋን ከቤት ቤት ስለሚዞር ከሰኔ እስከ መስከረም ሁለት ተለዋጭ ቀን ያዙ። አፍንጫው የተዘጋ ሰው ቻምበር (ከፍታን ለማስመሰል የአየር ግፊቱ የሚቀነስበት ዝግ ክፍል) ውስጥ ሲገባ ወደ ላይ ሲወጣ ላይከፋው ይችላል፤ ጆሮው የሚሰቃየው ሲወርድ ነው። ያኔ ደግሞ በር ከፍቶ መውጣት የለም።

ደረጃ 2፦ ያለፈው ቀንና ሌሊት

እንቅልፍ። ከ7 ሰዓት ያነሰ የተኛ ሰው ምልክቱን ከድካሙ መለየት አይችልም። አንድ ቀን አስተላልፉት።

ጫትና መጠጥ። መጠጥ ቢያንስ ከ24 ሰዓት በፊት ይቁም። ጫት ለአብራሪ ከነጭራሹ አይሆንም፤ ግን ጅማ ነውና ያለነው በግልጽ ልናገር። የሃይፖክሲያ አደገኛው ምልክት ፈንጠዝያ ነው፤ ሁሉም ነገር ቀሎ፣ ሐሳብ ጎልቶ፣ ራስ ገዝፎ መታየት። ይህ ከምርቃና ጋር ቁርጥ ይመሳሰላል። ምርቃናን በመልካም የሚያስታውስ ሰው ያ ስሜት ሲመጣበት ይደሰታል እንጂ አይደነግጥም።

ቡና። የለመደ ሰው ይጠጣ። ቡና ያቋረጠ ጅማዊ የሚያመጣው ራስ ምታት ከሃይፖክሲያ ራስ ምታት ጋር ይቀላቀልባችኋል። ችግሩ ጀበናው ሳይሆን ከሰሉ ነው። በተዘጋ ክፍል ከሰል ዳር ያመሸ ሰው ደሙ ውስጥ ካርቦን ሞኖክሳይድ ይዞ ይመጣል፤ ይህ ጋዝ ደም ውስጥ ኦክስጅን ከሚሸከመው ሄሞግሎቢን ጋር ከኦክስጅን ከ200 ጊዜ በላይ በበረታ ጉልበት ይጣበቃል። የጣት ኦክሲሜትር (የደም ኦክስጅን መለኪያ) ልዩነቱን ስለማያውቅ ቁጥሩ ጤነኛ ሆኖ ይታያል። ለሚያጨስም ነገሩ ያው ነው። ጀበናው በረንዳ ላይ ይሁን።

ጾም። ባዶ ሆድ መንቀጥቀጥና መፍዘዝ ያመጣል፤ ሰልጣኙ ያንን «ምልክቴ» ብሎ ይመዘግባል። በረመዳንም ሆነ በዐቢይ ጾም ቀኑን ከጾሙ ጋር አታጋጩት። ቻምበር የሚገባ ሰው ደግሞ ከአንድ ቀን በፊት ጀምሮ ባቄላ፣ አሹቅ፣ ሽሮና ለስላሳ ይተው። በ18,000 ጫማ ሆድ ውስጥ ያለው ጋዝ ከባሕር ጠረፍ ጋር ሲነጻጸር ከእጥፍ በላይ ይነፋል። እዚያ ውስጥ ጋዝ መልቀቅ ነውር አይደለም፤ ይሉኝታ ይዞት አፍኖ በሆድ ቁርጠት የወጣ ሰው አይቻለሁ።

ደረጃ 3፦ ቁጥሮቹን በቃል አስይዙ

«ላይ ኦክስጅን የለም» የሚለውን መጀመሪያ አርሙ። የኦክስጅን ድርሻ ጅማም ሆነ 35,000 ጫማ ላይ ያው 21 በመቶ ገደማ ነው። የሚቀንሰው ወደ ደም የሚገፋው ግፊት ነው። በመደበኛ ከባቢ አየር ስሌት፣ ወደ 5,500 ጫማ ላይ ባለው የአባ ጅፋር አየር ማረፊያ ግፊቱ የባሕር ጠረፉ 82 በመቶ ያህል ነው። ቦሌ፣ ከ7,600 ጫማ በላይ፣ 75 በመቶ ገደማ። በ18,000 ጫማ ግማሽ ይቀራል። በ25,000 ጫማ 37 በመቶ።

ቀጥሎ ጠቃሚ የንቃት ጊዜን ያጥኑ፦

• 18,000 ጫማ፦ ከ20 እስከ 30 ደቂቃ
• 22,000 ጫማ፦ ከ5 እስከ 10 ደቂቃ
• 25,000 ጫማ፦ ከ3 እስከ 5 ደቂቃ
• 30,000 ጫማ፦ ከ1 እስከ 2 ደቂቃ
• 35,000 ጫማ፦ ከ30 እስከ 60 ሴኮንድ
• 40,000 ጫማ፦ ከ15 እስከ 20 ሴኮንድ

ካቢኑ በድንገት ግፊት ካጣ እነዚህ ጊዜያት እስከ ግማሽ ያጥራሉ። ደግሞም ይህ ራስን እስከ መሳት ያለው ጊዜ አይደለም። ትክክለኛ ነገር ወስኖ ትክክለኛ ነገር መሥራት የሚቻልበት ጊዜ ነው። ከዚያ በኋላ ሰውየው ዓይኑ ተከፍቶ፣ እየሳቀ፣ ማስኩን እያየው ሳይለብስ ሊቀመጥ ይችላል።

ቱርቦፕሮፕ (በተርባይን የሚዞር ፕሮፔለር ያለው አውሮፕላን) ለሚያበሩ ልጆች 25,000ውን ከሁሉ አብልጡ። ጅማ የሚመላለሰው ዓይነት አውሮፕላን የከፍታ ጣሪያው በአብዛኛው እዚያው አካባቢ ስለሆነ የእነሱ ቁጥር ያ ነው።

«እኔ ደገኛ ነኝ፣ ለምጄዋለሁ» የሚል ሰልጣኝ ሁልጊዜ ይኖራል። 2,500 ሜትር ላይ ማደግ ሽቅብ ሲሮጡ ይጠቅማል። 25,000 ጫማ ግን ከ7,600 ሜትር በላይ ነው፤ እዚያ የተወለደ ሰው የለም።

ለሌሊት በረራ ደግሞ አንድ ነገር ጨምሩ። የሌሊት እይታ ከ5,000 ጫማ አካባቢ ጀምሮ መድከም ይጀምራል። ስለዚህ የጅማ አብራሪ ገና መንደርደሪያው ላይ ሳለ ነገሩ ተጀምሯል፤ ኦክስጅን ያለው በሌሊት ቀደም ብሎ መጠቀሙ ፍርሃት አይደለም።

ደረጃ 4፦ የማስክ ልምምድ በመሬት ላይ

አሠልጣኞች ይህን ክፍል በአሥር ደቂቃ ያልፉታል። እኔ ግማሽ ቀን እሰጠዋለሁ።

መጀመሪያ ንጽሕና። ፊት ላይ ቅባት፣ ቫዝሊን፣ የከንፈር ቅባት፣ ጸጉር ላይ ቅቤ ያለበት ሰው ታጥቦ ይምጣ። ንጹሕ ኦክስጅንና ቅባት ሲገናኙ እሳት ሊነሳ ይችላል። ጺም ደግሞ በማስኩ ጠርዝ አየር ያስገባል፤ መላጨት የማይፈልግ ሰው በራሱ ማስክ መፍሰስ አለመፍሰሱን ፈትኖ ያሳያችሁ።

ከዚያ እንዲህ ቀጥሉ፦

1. ሰልጣኙ በሚያበርበት አውሮፕላን ዓይነት መቀመጫና ማስክ ይቀመጥ። ማስኩ በሌላ ጎን ከተሰቀለ ልምምዱ ከንቱ ነው፤ እጅ የሚማረው ቦታ ነው።
2. አምስቱን ነገሮች በጣት እየነካ ይፈትሽ፤ የኦክስጅን ግፊት ንባብ፣ ሬጉሌተር (የኦክስጅኑ መቆጣጠሪያ)፣ የፍሰት ጠቋሚ፣ የቱቦ ማያያዣዎች፣ የአደጋ ጊዜ ማብሪያ። በአፍ ብቻ «አየሁ» ማለት አይቆጠርም።
3. ሬጉሌተሩ 100 በመቶ ኦክስጅን ላይ መሆኑን ጮክ ብሎ ይናገር።
4. «ማስክ!» በሉ። በአንድ እጅ፣ በ5 ሴኮንድ ውስጥ ለብሶ አንድ ጊዜ በደንብ ይተንፍስ። ሰዓት ያዙ።
5. ማይክሮፎኑን ወደ ማስክ ቀይሮ «ትሰማኛለህ?» ይበል። እዚህ ላይ ብዙዎች ይረሳሉ። ማስኩን ለብሰው፣ እየተናገሩ፣ ማንም አይሰማቸውም።
6. አሥር ጊዜ ይድገም። ከዚያ ዓይኑን ጨፍኖ አሥር ጊዜ። ከዚያ መነጽርና ሄድሴት አድርጎ። መጨረሻ ላይ ሰባት ሰባት እየቀነሰ ከ200 ወደ ታች እየቆጠረ ሳለ ባላሰበው ሰዓት «ማስክ!» በሉት።

ቁጥሩን ቆም አድርጎ ማስክ የለበሰ ወድቋል። እየቆጠረ ለብሶ ቁጥሩን የሳተ አልፏል፤ እጁ ከጭንቅላቱ ቀድሟልና።

ደረጃ 5፦ መሣሪያውን ለከፍታችሁ አስተካክሉ

ቅልቅል ጋዝ የሚያስተነፍሰውን መሣሪያ ደጋ አገር ላይ ስትጠቀሙ ይህን ክፍል ሁለቴ አንብቡ። ይህ መሣሪያ ግፊት አይቀንስም፤ የኦክስጅኑን ድርሻ ነው የሚቀንሰው። ባሕር ጠረፍ ላይ 25,000 ጫማን ለማስመሰል 7 በመቶ ገደማ ኦክስጅን ይበቃል። ጅማ ላይ ግን መነሻው ግፊት ራሱ ዝቅ ያለ ነው። ያንኑ 7 በመቶ እዚህ ብትሰጡ ሰልጣኙ የሚደርስበት ከፍታ 29,000 ጫማ አካባቢ ይሆናል። እዚህ 25,000ን ለመምሰል ድርሻው ወደ 8.6 በመቶ ከፍ ማለት አለበት። ቦሌ ላይ ደግሞ ከዚያም ከፍ ይላል።

ይህን የተማርኩት በመጽሐፍ አይደለም። አንድ ጊዜ ባሕር ዳርቻ ከተማ ላይ የተስተካከለ መሣሪያ ደጋ ላይ ተተክሎ ረዳት ሆኜ ቆሜ ነበር። ሦስት ደቂቃ የጠበቅነው ልጅ ሁለተኛው ደቂቃ ሳይሞላ እርሳሱን ጣለ። ሐኪሙ ንቁ ስለነበር ወዲያው ኦክስጅን ገባለትና ምንም አልሆነም። እኔ ግን ከዚያ ወዲህ ሳልጠይቅ አልጀምርም።

ስለዚህ፦

1. መሣሪያው የአካባቢውን ግፊት ራሱ ለክቶ የሚያስተካክል መሆኑን ባለሙያውን ጠይቁ። «ይመስለኛል» መልስ አይደለም።
2. የማያስተካክል ከሆነ ባለሙያው ለቦታው ከፍታ አስልቶ፣ ሐኪሙ ተመልክቶ ይፈርምበት።
3. ሰልጣኝ ከመግባቱ በፊት በተለየ የኦክስጅን መለኪያ ከማስኩ የሚወጣውን ጋዝ ለኩ።
4. የ100 በመቶ ኦክስጅን መመለሻው መሥራቱን በራሳችሁ ፊት ላይ ሞክሩ።

ደረጃ 6፦ ክፍለ ጊዜው፣ በቅደም ተከተል

በአንድ ጊዜ አንድ ሰልጣኝ ብቻ። ጓደኛው አጠገቡ ተቀምጦ ይመዘግባል፤ እሱ ኦክስጅኑ አልጎደለምና ከሰልጣኙ የበለጠ የሚማረው ብዙ ጊዜ እሱ ነው። በፈቃዱ በስልክ ቪዲዮ ቅረጹ። ቪዲዮው ለሰልጣኙ ብቻ ይሰጥና ይጥፋ፤ ቴሌግራም ላይ የወጣ ቀን የሚቀጥለው ሰልጣኝ ምልክቱን ይደብቃችኋል።

1. የጣት ኦክሲሜትሩን አድርጉና ማያውን ከሰልጣኙ አዙሩት። ቁጥሩን ካየ ሰውነቱን ማዳመጥ ያቆማል፤ ጣት ላይ የሚታየው ቁጥር ደግሞ ከአንጎል ዘግይቶ ይመጣል። የጥፍር ቀለም ወይም እንሶስላ ያለበትን ጣት አትጠቀሙ።
2. ተራ አየር እየተነፈሰ 3 ደቂቃ ይቀመጥ። መነሻ ቁጥሩን መዝግቡ። የጅማ መነሻ ከባሕር ጠረፍ ትንሽ ዝቅ ሊል ስለሚችል ከሰውየው የራሱ ቁጥር ተነሱ።
3. የመነሻ ሥራ ስጡት፤ ሙሉ ስሙን ይጻፍ፣ ከሀ እስከ ሆ ሰባቱን ፊደላት ያስፍር፣ አምስት ስሌት ይሥራ፣ አንድ የራዲዮ ንባብ ይመልስ። ለኋላ ማነጻጸሪያ የሚሆነው ይህ ወረቀት ነው።
4. ጋዙን ጀምሩ። ሥራውን በአዲስ ወረቀት ይቀጥል።
5. በየ30 ሴኮንዱ «አሁን ምን አለ?» በሉት። መልሱን አትምሩለት። «ጣትህን እየወረረህ ነው?» ካላችሁት ይወረዋል።
6. የመጀመሪያውን ምልክት ሲናገር ጓደኛው ሰዓቱንና ቃሉን እንዳለ ይጻፍ። «ከንፈሬ ደነዘዘ» ካለ «ደነዘዘ» ነው፤ ወደ መጽሐፍ ቃል አትለውጡት።
7. ሁለተኛ ምልክት ሲጨመር ሰልጣኙ ራሱ «ሃይፖክሲያ» ብሎ 100 በመቶውን ይክፈት። ጊዜ ለመጨመር መለመን ክልክል ነው።
8. ኦክስጅን ከተመለሰ በኋላ የመጀመሪያዎቹ 15 እስከ 60 ሴኮንድ ጥቂት ሰዎች ላይ ነገሩ ሊብስ ይችላል፤ መፍዘዝ፣ እይታ መደብዘዝ። ይህን አስቀድማችሁ ንገሩት፤ ያልተነገረው ሰው «ኦክስጅኑ ነው የጎዳኝ» ብሎ ማስኩን ያወልቃል።
9. ሲረጋጋ ወዲያው በራሱ እጅ ሦስት ምልክት በቅደም ተከተል ይጻፍ። ለምሳ እንሂድ ካላችሁ ይረሳል።

እናንተ የምታቋርጡት፣ ሐኪሙ አስቀድሞ የወሰነው ቁጥር ላይ ሲደርስ፣ ለሁለት ጥሪ ሳይመልስ ሲቀር፣ እጁ መንቀጥቀጥ ወይም መዝለል ሲጀምር፣ ወይም «ይብቃኝ» ሲል ነው። አንዱ ከሆነ እጁን አትጠብቁ፤ ኦክስጅኑን ክፈቱት።

ቀለም ለማሳየት እኔ አንድ ሰሐን ላይ የበሰለና ጥሬ የቡና ፍሬ አቀርባለሁ። ኦክስጅን ሲጎድል ቀዩ እየደበዘዘ ይሄዳል፤ ሰልጣኙ ግን መደብዘዙን አያውቀውም። ማስኩ ሲመለስ ቀዩ ቦግ ሲል ነው «እንዴ!» የሚለው። ይህን አንዴ ያየ ሰው ዓይኔን አምናለሁ ማለት ያቆማል።

ምልክት ከሰው ሰው ይለያያል። አንዱን ጣት ይወረዋል፣ አንዱ ትንፋሽ ያጥረዋል፣ አንዱን ይሞቀዋል፣ አንዱ ይስቃል፣ አንዱ ይናደዳል። የኔ የጆሮ መጋል ነው። የመጀመሪያ ቀን ስሜን ሦስት ጊዜ አንዱን በአንዱ ላይ ጽፌ፣ እጅግ ያማረ ጽሕፈት መስሎኝ አሠልጣኙን ፈገግ ብዬ አየሁት። ወረቀቱን አሁንም አስቀምጬዋለሁ።

ከተቻለ ከእረፍት በኋላ ሁለተኛ ዙር በሲሙሌተር አድርጉ። እዚህ ጋዙ መቼ እንደሚቀንስ አትንገሩት። የሚፈተነው አሁን ነው፤ ሥራ ላይ ሆኖ፣ ራዲዮ እየመለሰ፣ የራሱን ምልክት ይይዘዋል ወይስ ያልፈዋል?

ደረጃ 7፦ ቻምበር ከሆነ የሚጨመረው

ቻምበሩን የሚመራው ማእከሉ ስለሆነ አጭር ልሁን። ሰልጣኛችሁ መጀመሪያ ወደ 5,000 ጫማ አካባቢ ወጥቶ የሚወርድ የጆሮና የሳይነስ ፍተሻ ይጠብቀው። ወደ 25,000 ለሚወጣ ደግሞ ቀድሞ 30 ደቂቃ ያህል 100 በመቶ ኦክስጅን መተንፈስ አለ፤ ናይትሮጅንን ከሰውነት ለማስወጣት ነው። በዚያ 30 ደቂቃ ውስጥ ማስኩን አንሥቶ አፍንጫውን ያከከ ሰው ከዜሮ ይጀምራል። ንገሩት፣ ያክካልና።

ሲወርድ ጆሮው ካልከፈተ አፍንጫውን ይዞ በቀስታ ይንፋ። ካመመው ወዲያው እጁን ያንሣ፤ ቻምበሩ ቆሞ ትንሽ ተመልሶ ይወጣል። በኃይል መንፋት የጆሮ ታምቡር ይጎዳል።

ደረጃ 8፦ ወደ ኮክፒት አምጡት

ብቻውን ምልክቱን ያወቀ ሰው ሁለት ሆኖ ሲቀመጥ ሊጠፋው ይችላል። ቅደም ተከተሉን ሁለቱንም አስቀምጣችሁ አለማምዱ፦

1. ማስክ፣ 100 በመቶ። ከምንም በፊት። ቼክሊስት ከማውጣት፣ ማንቂያውን ዝም ከማሰኘት፣ «ምንድነው?» ከመባባል በፊት።
2. በማስክ ማይክሮፎን መሰማማት።
3. የካቢን ከፍታ ንባብ ማየት።
4. መውረድ። 10,000 ጫማ ወይም የአካባቢው ዝቅተኛ አስተማማኝ ከፍታ፣ ከሁለቱ ከፍ ያለው።
5. ሜይደይ (የአደጋ ጥሪ)፣ ትራንስፖንደር ላይ የአደጋ ኮዱ 7700።
6. ትንፋሽን መቆጣጠር፣ በደቂቃ ከ12 እስከ 16።

ቁጥር 4 ላይ ቆም በሉ። ሌላ አገር የተዘጋጀ ትምህርት «ወደ 10,000 ውረድ» ብሎ ያልፋል። እኛ አገር ጉራጌ ተራሮች ከ3,700 ሜትር፣ ማለትም ከ12,000 ጫማ በላይ ይደርሳሉ፤ ቱሉ ዲምቱ 4,377 ሜትር፣ ራስ ዳሽን ከ4,500 ሜትር በላይ። በደመና ውስጥ በጭፍን 10,000 የወረደ ሰው ከሃይፖክሲያ አምልጦ ተራራ ያገኛል። ሰልጣኙ ለሚበርበት መስመር በየክፍሉ ያለውን አስተማማኝ ከፍታ ከቻርቱ አውጥቶ ይጻፍ። ከ10,000 በላይ መቆየት ግድ ከሆነ ማስኩ ዝቅ ያለ መሬት ላይ እስኪደረስ አይወልቅም።

ግፊት የሌለው ትንሽ አውሮፕላን ለሚያበሩ ደግሞ የዓለም አቀፉን ሲቪል አቪዬሽን ድርጅት መነሻ አስይዙ፤ ከ10,000 እስከ 13,000 ጫማ ከ30 ደቂቃ በላይ፣ ከ13,000 በላይ ሁልጊዜ ለበረራ ሠራተኛው ኦክስጅን። የአገራችሁን ደንብና የድርጅታችሁን መመሪያ ከዚህ ጋር አስተያዩ፤ ጠበቅ ያለው ይሠራል።

የማንቂያ ድምፅም ይለማመድ። ነሐሴ 1997 ዓ.ም. (እንደ አውሮፓውያን ኦገስት 2005) ግሪክ ላይ በወደቀው የቆጵሮሱ ሂሊዮስ አየር መንገድ ቦይንግ 737 የ121 ሰው ሕይወት አለፈ። የካቢን ከፍታው ማንቂያ መሬት ላይ ከሚሰማው የመነሻ ዝግጅት ማንቂያ ጋር ድምፁ አንድ ስለነበር ሠራተኞቹ የመነሻ ዝግጅቱ መስሏቸው ነበር። ሰልጣኛችሁ አየር ላይ ያንን ጩኸት ሲሰማ መጀመሪያ የሚንቀሳቀሰው እጁ ይሁን፤ ትርጉሙን ማስክ ውስጥ ሆኖ ይፈልግ።

ከዚያ የእኛ ችግር አለ። ረዳት አብራሪው ልጅ፣ ካፒቴኑ ትልቅ ሰው ሲሆኑ ልጁ «ካፒቴን፣ ማስክዎን» ለማለት ይሽኮረመማል። ቃሉን በአፉ አስይዙት። «ካፒቴን፣ ማስክ!» ሁለት ጊዜ። መልስ ከሌለ «አውሮፕላኑን ይዣለሁ» ብሎ ይረከብና ያውርድ። በልምምዱ ካፒቴን ሆናችሁ ተቀመጡ፤ ፈዝዛችሁ ፈገግ በሉለት፣ አንድ ጊዜም ተቆጡት። ቁጣውን ፈርቶ የተወው ልጅ ይድገም።

ደረጃ 9፦ ከልምምዱ በኋላ

ቻምበር የገባ ሰው ቢያንስ 12 ሰዓት አይብረር፤ ማእከሉ 24 ካለ 24 ነው። በዚያ ቀን ከባድ ስፖርት የለም። ወደ ጅማ በአውሮፕላን የሚመለስ ሰልጣኝም ተሳፋሪ ሆኖ ነው የሚል ሰበብ አይኑረው፤ ካቢኑም ከፍታ አለው። በቀጣዩ ቀን መገጣጠሚያ ሕመም፣ የቆዳ መብላት፣ የደረት ውጋት፣ ሳል ወይም የእጅ እግር መደንዘዝ ከመጣ «ያልፋል» ሳይሉ ሐኪሙ ጋር ይደወል፤ 100 በመቶ ኦክስጅን ያስፈልጋል።

ሦስቱን ምልክት የያዘ ትንሽ ካርድ ፈቃዱ መያዣ ውስጥ ይግባ። ምልክት በዕድሜና በጤና ሊለወጥ ስለሚችል በየጥቂት ዓመቱ ይታደስ።

ሲበላሽ

ሰልጣኙ ቶሎ ቶሎ እየተነፈሰ ጣቱ ተኮማተረ። ፍርሃት ያመጣው ከልክ ያለፈ ትንፋሽ ሊሆን ይችላል፤ ከሃይፖክሲያ ጋር በስሜት መለየት ግን ያስቸግራል። አትለዩ። ሁለቱንም በአንድ መንገድ ያዙ፤ 100 በመቶ ኦክስጅን፣ ማያያዣ መፈተሽ፣ ትንፋሽን ማዘግየት። ጮክ ብሎ መናገር ትንፋሽን ይገታል፤ የቼክሊስት መስመር ያንብብ።

ኦክስጅን ተከፍቶ አልተሻለውም። ቱቦውን ጠርጥሩ፤ ማያያዣው ወልቆ ወይም ታጥፎ ይሆናል። በመለዋወጫ ማስክ ቀይሩ፣ ሐኪሙን ጥሩ። መፈተሽ የሚመጣው ከመቀየር በኋላ ነው።

ኦክሲሜትሩ ቁጥር አይሰጥም። የጅማ ጥዋት እጅ ያቀዘቅዛል። እጁን አሙቁ፣ ሌላ ጣት ወይም የጆሮ ጫፍ ሞክሩ። ያለ ንባብ አትጀምሩ።

«ምንም አልተሰማኝም» አለ። ይህ በጣም የሚያስፈራው ነው፤ ልጁ ግን በኩራት ነው የሚናገረው። ሁለቱን ወረቀት ጎን ለጎን አስቀምጡለት። ቪዲዮውን ያለ ድምፅ አሳዩት፤ ለጥያቄያችሁ የዘገየበትን፣ ከንፈሩ የጠቆረበትን፣ ሀ ሁ ሂን ጀምሮ ሁለት ጊዜ ሂ የጻፈበትን ቦታ አቁሙና ራሱ ይፈልግ። የተሰማው ባይኖርም የታየበት አለ፤ ያ ካርዱ ላይ ይግባ። ካርዱ አሁንም ባዶ ከሆነ ሐኪሙ ከፈቀደ ከማእከሉ ሳይወጣ ይድገም፤ እንዲህ ሆኖ ወደ አውሮፕላን አትመልሱት።